የማህበራት ሥራ አስኪያጆች በሥራ ላይ እንዴት ይማማሩ?

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባል ማህበራት ተወካዮች የቀረበ ንግግር)



በእንዲህ ያለው ቀን ስለ ተሠራው መጋዘን፣ ስለ ተገዛው የጭነት መኪናና ስለ ተከፋፈለው ትርፍ መናገር የተለመደ ነው፡፡ የሚገባም ነው፡፡ የዚህ ንግግር ጉዳይ ግን ያን ሁሉ ንብረት በየዕለቱ ስለሚያንቀሳቅሰው ሰው፣ ስለ መሠረታዊ ማህበሩ ሥራ አስኪያጅ ነው፡፡ ሥራ አስኪያጁ ሥራውን ከማን ይማራል? ሥራ ሲለቅስ የተማረው ነገር ወዴት ይሄዳል? የአባሉ ገበሬ እህልና ገንዘብ የተቀመጠው በዚህ ሰው እጅ ስለሆነ ጥያቄው የአንድ ሰው የቅጥር ጉዳይ ብቻ አይደለም፡፡

በየማህበሩ የሚታየው ሁኔታ ተቀራራቢ ነው፡፡ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ የሚቀጠረው አብዛኛውን ጊዜ በቅርቡ ከኮሌጅ የወጣ ወጣት ነው፡፡ በህብረት ሥራ፣ በሂሳብ አያያዝ ወይም በዕፅዋት ሳይንስ ዲፕሎማ ይዟል፡፡ የሂሳብ መዝገብ አከፋፈትን፣ የህብረት ሥራ መርሆዎችንና የአዋጁን አንቀጾች ያውቃል፡፡ የቅጥር ደብዳቤው የሚደርሰው ግን ብዙውን ጊዜ የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ከለቀቀ በኋላ በመሆኑ፣ ወጪውና ገቢው ሰው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሳይገናኙ ይተላለፋሉ፡፡ ርክክቡን የሚፈጽመው ኮሚቴው ነው፡፡ በርክክብ ሰነዱ ላይ የመጋዘን ቁልፍ፣ ማህተም፣ የቼክ ደብተር፣ ሚዛን፣ ጠረጴዛና ወንበር፣ ባዶ ጆንያ ሳይቀር ተቆጥሮ ይሰፍራል፡፡ የትኛው ነጋዴ ክፍያ እንደሚያዘገይ፣ የመጋዘኑ የትኛው ጥግ በክረምት ውሃ እንደሚያስገባ፣ ከየትኛው ጎጥ የሚመጣው እህል ሳይደርቅ እንደሚደርስ፣ የብድር ጥያቄ ስንት ሳምንት ቀድሞ መግባት እንዳለበት ግን በሰነዱ ላይ የለም፡፡ ለማህበሩ ከወንበሩ ይልቅ የሚጠቅመው ይኸኛው ነበር፡፡

እንዲህ ያለው ኪሳራ ለሀገራችን እንግዳ አይደለም፡፡ በደርግ ዘመን በየገጠሩ ተቋቁመው ከነበሩት የአገልግሎት ህብረት ሥራ ማህበራት ብዙዎቹ በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ወቅት ሲዘረፉና ሲፈርሱ ሰው የሚያስታውሰው የተወሰደውን ቆርቆሮ ነው፡፡ ከቆርቆሮው ጋር ግን ለዓመታት እህል ሲረከቡ፣ ሲመዝኑና መዝገብ ሲይዙ የቆዩ ሰዎች ልምድም ተበትኗል፡፡ አዋጅ ቁጥር 147/1991 ወጥቶ ማህበራት በአዲስ መልክ ሲደራጁ፣ ኋላም ይኸው አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ሲተካ ሕጉ እየተሟላ መጣ፡፡ የሥራ ልምድ ግን በአዋጅ አይወጣም፤ ከሰው ወደ ሰው ካልተላለፈ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ይጀመራል፡፡

ነገሩ በቁጥር ቢታይ የበለጠ ግልጽ ይሆናል፡፡ አንድ አዲስ ሥራ አስኪያጅ በኅዳር መጨረሻ ከአባላት 100 ኩንታል በቆሎ ተረከበ እንበል፡፡ እህሉ በደንብ አልደረቀም፤ የእርጥበት መጠኑ 18 በመቶ ነው፡፡ ሚዛኑ ትክክል ነው፤ ደረሰኙም በሥርዓት ተቆርጧል፡፡ በመጋቢት ለገዢ ሲያስረክብ በቆሎው ደርቆ እርጥበቱ ወደ 13 በመቶ ወርዷል፡፡ ሲመዘን 94 ኩንታል ከ25 ኪሎ ሆኖ ይገኛል፡፡ 5 ኩንታል ከ75 ኪሎ የለም! የሰረቀ ሰው የለም፤ አይጥም ነቀዝም አልበላውም፡፡ የሄደው ውሃ ነው፡፡ ስሌቱ እንዲህ ነው፤ በመጀመሪያው 100 ኩንታል ውስጥ ከውሃው ሌላ ያለው የእህሉ ደረቅ አካል 82 ኩንታል ነበር፡፡ እርጥበቱ 13 በመቶ ሲሆን ይኸው 82 ኩንታል የጠቅላላው ክብደት 87 በመቶ ይሆናል፡፡ 82 ለ0.87 ሲካፈል 94.25 ይመጣል፡፡ ማህበሩ የተረከበው 3,000 ኩንታል ቢሆን ኖሮ በዚሁ ስሌት የሚጎድለው ከ172 ኩንታል በላይ ነው፡፡

ኦዲተሩ ግን የሚያየው ገቢና ወጪ ስለሆነ በሪፖርቱ ላይ «ጉድለት» ብሎ ይጽፋል፡፡ በጠቅላላ ጉባዔው ፊት የሥራ አስኪያጁ ስም ይነሳል፡፡ ዋስ የሆነው አጎቱ ይጠራል፡፡ አባሉም «ድሮም ይህ ማህበር...» እያለ እህሉን ወደ ነጋዴ ይወስዳል፡፡ በአንድ የክረምት ወቅት ሳይሆን በአንድ የስብሰባ ቀን አንድ ወጣት ስሙን፣ ማህበሩም አመኔታውን ያጣል፡፡

የተማረ ሰው ይህን እንዴት አያውቅም የሚል ይኖራል፡፡ እህል ሲደርቅ ክብደቱ እንደሚቀንስማ በክፍል ተምሯል፡፡ ያልተማረው ሌላ ነው፡፡ እህሉን በተረከበበት ዕለት የእርጥበቱን መጠን ደረሰኙ ላይ ካልጻፈ በመጋቢት የሚያቀርበው ማስረጃ እንደማይኖረው፣ የድርቀት ቅናሹም ግዢ ከመጀመሩ በፊት በኮሚቴ ቃለ ጉባዔ መወሰን እንዳለበት አልተነገረውም፡፡ የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ ባይኖረው እንኳ በደንብ የደረቀ ጨው በደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ከእህሉ ጋር አድርጎ ለጥቂት ደቂቃ በመናጥ፣ ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ መሆኑን መለየት እንደሚቻል ያሳየው ሰው የለም፡፡ የሚያሳዝነው ደግሞ ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ሩቅ ላይሆን ይችላል፡፡ በሚቀጥለው ቀበሌ ያለው ማህበር ሥራ አስኪያጅ ከሦስት ዓመት በፊት በዚሁ ጉዳይ እንቅልፍ አጥቶ፣ መላውን አግኝቶ ሊሆን ይችላል፡፡ ሁለቱ የሚገናኙት ግን በወረዳው ስብሰባ ላይ ሪፖርት ሲያቀርቡ ብቻ ነው፡፡ በሪፖርት ደግሞ ሁሉም ነገር «በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል»፡፡

ለዚህ ችግር የሚሰጠው የተለመደ መልስ «ስልጠና ይሰጣቸው» የሚል ነው፡፡ ስልጠናው አልጠፋም፡፡ ለአምስት ቀን አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ፣ ስለ አመራር ዘይቤዎች ሰምቶ፣ የውሎ አበል ፈርሞ መመለስ በየዓመቱ አለ፡፡ ከስልጠናው የመጣው ደብተር የት እንዳለ ቢጠየቅ ብዙው ከመሳቢያ ውስጥ ያወጣዋል፡፡ ይህ ሲባል የክፍል ትምህርት አይረባም ማለት አይደለም፡፡ በሙከራ ሊማሩት የማይገባ ነገርም አለ፡፡ ለአብነት ያህል ለነቀዝ የሚደረገው ክኒን ፎስፊን የተባለ ገዳይ ጋዝ የሚለቅ ነው፤ መጋዘን አጠገብ የሚተኛ ዘበኛ ሊሞትበት ይችላል፡፡ ይህ ከሠለጠነ ባለሙያ በቅድሚያ መማርን የሚጠይቅና ከስህተት የሚማሩት ያልሆነ ነው፡፡ የሂሳብ አያያዝ ሕግም እንደዚሁ፡፡ ክፍሉ የማይሰጠው፣ የታወቀውን ነገር በዚህ መጋዘን፣ በእነዚህ አባላት፣ በዚህ ወር እንዴት መተግበር እንደሚቻል የሚያሳየውን ዕውቀት ነው፡፡

ይህን ልዩነት አጥብቀው ከተናገሩ ሰዎች አንዱ ሬጂናልድ ሬቫንስ የተባለ እንግሊዛዊ ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ1907 ተወልዶ በ2003 ያረፈው ሬቫንስ በመጀመሪያ የፊዚክስ ሰው ነበር፡፡ በካምብሪጅ በሚገኘው የካቨንዲሽ ቤተ ሙከራ ሲሠራ፣ የኖቤል ሽልማት ያገኙ ታላላቅ ሊቃውንት አንድ ላይ ተቀምጠው ያወቁትን ከማውራት ይልቅ ያልገባቸውን ነገር እርስ በርስ ሲጠያየቁ አየ፡፡ ይህ በልቡ ቀረ፡፡ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ዘርፍ የትምህርት ኃላፊ ሲሆን፣ የማዕድን ጉድጓድ ሥራ አስኪያጆች አንዱ የሌላውን ጉድጓድ እየጎበኘ፣ በትናንሽ ቡድን ተሰብስበው በእጃቸው ያለውን ችግር እንዲመረምሩ አደረገ፡፡ ከውጭ የመጣ መምህር መልሱን አይነግራቸውም፡፡ መልሱ ያለው ተመሳሳይ ጭንቅ ባለባቸው ሰዎች መካከል ነው ብሎ ያምን ነበር፡፡ በኋላ ሐሳቡን ባጭሩ ሲያስቀምጠው፣ መማር ማለት ከመጽሐፍና ከመምህር የሚገኘው ዕውቀት ሲደመር በሥራው ላይ የሚነሳው ትክክለኛ ጥያቄ ነው አለ፡፡ ይህን አካሄድ በሆስፒታሎችም በኢንዱስትሪዎችም ሞክሮታል፡፡ አንዳንድ ባለ ሥልጣኖችና የዩኒቨርሲቲ ሰዎች አልወደዱለትም፡፡ አሠልጣኙን ከመድረክ የሚያወርድ ሐሳብ ስለሆነ ይህ አያስገርምም፡፡

ሁለተኛው ምሳሌ ከአፍሪካ ነው፡፡ ጂን ሌቭ የተባለች አሜሪካዊት የማህበረሰብ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በላይቤሪያ የልብስ ሰፊዎችን የሙያ አማማር አጥንታለች፡፡ ከኤትየን ዌንገር ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመችው መጽሐፍም ምሳሌ አድርጋዋለች፡፡ በእነዚያ ሱቆች ለማጅ የሆነው ልጅ ሥራውን የሚጀምረው ልብስ ከሚጀመርበት አይደለም፡፡ ልብስ የሚጀመረው ጨርቅ በመቁረጥ ነው፡፡ ልጁ ግን መጀመሪያ የሚሰጠው የመጨረሻው ሥራ ነው፤ ቁልፍ መትከል፣ ጠርዝ ማጠፍ፣ በካውያ መተኮስ፡፡ ይህን እየሠራ ያለቀ ልብስ ምን እንደሚመስል ዓይኑ ይለምዳል፡፡ ቀጥሎ መስፋት ይማራል፡፡ ጨርቅ መቁረጥ የሚፈቀድለት በመጨረሻ ነው፡፡ ምክንያቱም ግልጽ ነው፡፡ የተጣመመ ቁልፍ ተፈትቶ እንደገና ይተከላል፤ በስህተት የተቆረጠ ጨርቅ ግን ተመልሶ አይቀጠልም፡፡

የሀገራችን የአብነት ትምህርት ቤትም ከዚህ የራቀ አይደለም፡፡ የቆሎ ተማሪው ከየኔታ ብቻ አይማርም፡፡ ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ያስቀጽላል፤ እያስቀጸለም የራሱን ያጠናል፡፡ ንባቡን ሲጨርስ ለዜማው፣ ለቅኔው፣ ለትርጓሜው የታወቀ መምህር ወዳለበት ደብር ይሄዳል፡፡ ማን ምን እንደሚያውቅ፣ ለየትኛው ትምህርት ወደ የትኛው ደብር መሄድ እንደሚሻል ተማሪው ሁሉ ያውቅ ነበር፡፡ ዛሬ በየማህበሩ ያሉ ሥራ አስኪያጆች ስለ ጎረቤቶቻቸው ይህን ያህል እንኳ አያውቁም፡፡

አሁን ወደ ማህበሩ መጋዘን ሲመለሱ የሚታየው የልብስ ሰፊዎቹ ተቃራኒ ነው፡፡ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ በመጀመሪያው ሳምንት የሚጠየቀው መቀሱን እንዲያነሳ ነው፡፡ «ዋጋ ስንት ይሁን? አሁን ይሸጥ ወይስ እስከ ሰኔ ይቆይ?» ይባላል፡፡ ይህ በማህበሩ ውስጥ ካሉት ውሳኔዎች ሁሉ የከበደው ነው፡፡ ለምሳሌ ያህል 1,000 ኩንታል እህል እያንዳንዱ በ2,000 ብር በብድር ተገዝቶ፣ የዓመቱ ወለድ 12 በመቶ ቢሆን፣ በወር የሚቆጠረው ወለድ 20,000 ብር ነው፤ ለአንድ ኩንታል 20 ብር ማለት ነው፡፡ ከጥር እስከ ሰኔ አምስት ወር ሲቆይ በየኩንታሉ 100 ብር ይደርሳል፡፡ በዚህ ላይ የድርቀቱ፣ የነቀዙና የጥበቃው ወጪ አለ፡፡ ስለዚህ ዋጋው በ100 ብር ጨመረ ብሎ የሚደሰት ሥራ አስኪያጅ በእርግጥ ከስሯል፡፡ ሒሳቡ ራሱ አይከብድም፡፡ የሚከብደው ዋጋው ይጨምራል አይጨምርም የሚለውን መገመት፣ ኮሚቴው «እንጠብቅ» ሲል ቁጥሩን አቅርቦ መከራከር ነው፡፡ ይህን ለማድረግ ሁለትና ሦስት ምርት ዘመን ማየት ያስፈልጋል፡፡

ስለሆነም የአዲስ ሥራ አስኪያጅ የመጀመሪያ ዓመት ቅደም ተከተል ቢኖረው ይበጃል፡፡ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከመጋዘን ሠራተኛው ጋር ሚዛን አጠገብ ይቁም፡፡ ይመዝን፣ ደረሰኝ ይቁረጥ፣ ከአባሉ ጋር ይተዋወቅ፡፡ ቢሳሳት የአንድ ጆንያ ስህተት ነው፤ ያውም ባለቤቱ ፊት ለፊት ቆሞ ያርመዋል፡፡ ቀጥሎ የቢን ካርድ አያያዝን፣ ጆንያ ከመሬት ከፍ ባለ ረብራብ ላይ ከግድግዳው አርቆ መደርደርን ይያዝ፡፡ ከዚያ የጥሬ ገንዘብና የባንክ ሥራ፣ ከዚያም የማዳበሪያ ፍላጎት አሰባሰብና ሥርጭት ይመጣል፡፡ የዋጋና የማቆየት ውሳኔ እስከሚቀጥለው ምርት ዘመን ድረስ በኮሚቴው፣ በዩኒየኑ የግብይት ባለሙያና ልምድ ባለው የጎረቤት ማህበር ሥራ አስኪያጅ ምክር ይሰጥ፤ አዲሱ ሰው አብሮ ይቀመጥ፣ ቁጥሩን ያዘጋጅ፣ ያዳምጥ፡፡ አንዳንድ ሊቃነ መናብርት «ደመወዝ የምንከፍለው ለመወሰን ነው» ሊሉ ይችላሉ፡፡ የአንድ ዓመት ትዕግሥት ግን ከአንድ የተሳሳተ ሽያጭ ይረክሳል፡፡

ይህ የአንዱ ማህበር የውስጥ ጉዳይ ነው፡፡ ዩኒየኑ የሚያስፈልገው ማህበራትን ለማገናኘት ነው፡፡ አንድ ገበያ የሚጋሩ አምስት ወይም ስድስት ማህበራት ሥራ አስኪያጆች በወር አንድ ቀን፣ በአዳራሽ ሳይሆን በአንዳቸው መጋዘን ውስጥ ቢገናኙ በቂ ነው፡፡ በአዳራሽ ሲሆን ሰው ንግግር ያደርጋል፤ በመጋዘን ሲሆን ግን እንግዳው የተደረደረውን ጆንያ አይቶ «ይህ ለምን ከግድግዳ ተጠጋ?» ብሎ ይጠይቃል፡፡ በየወሩ አንድ ሰው ብቻ ያልተፈታለትን ጉዳይ ያቅርብ፡፡ ሌሎቹ መጀመሪያ ይጠይቁት እንጂ አይምከሩት፡፡ ይህ ቀላል አይደለም፡፡ ልምድ ያለው ሰው ጥያቄው ሳያልቅ «እኛ ጋ እንዲህ ነው ያደረግነው» ማለት ይቀናዋል፡፡ ችግሩን ያቀረበው ሰው በመጨረሻ ምን እንደሚያደርግ ይናገር፤ በሚቀጥለው ወርም ውጤቱን ይዞ ይምጣ፡፡ ሳይሳካ ቢቀርም ያልተሳካውን ይዞ ይምጣ፡፡

እዚህ ላይ እውነተኛ ስጋት ያላቸው የኮሚቴ አባላት አሉ፡፡ «በአንድ ገበያ እህል የምንሻማ ማህበራት ነን፤ ሥራ አስኪያጃችን ምስጢራችንን ሊያወጣ ነው ወይ?» ይላሉ፡፡ ስጋቱ መናቅ የለበትም፡፡ በሚቀጥለው ሳምንት ለገዢ የሚቀርበው ዋጋ የማህበሩ ጉዳይ ነው፤ አይነገርም፡፡ ሚዛን እንዴት እንደሚፈተሽ፣ የድርቀት ቅናሽ በቃለ ጉባዔ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ያልከፈለ ገዢ እንዴት እንደሚጠየቅ ግን የማንም ምስጢር አይደለም፡፡ ድንበሩ በእያንዳንዱ ኮሚቴ ተወያይቶ በአንድ ገጽ ቢጻፍ ሥራ አስኪያጁም ነፃ ሆኖ ይናገራል፡፡ በሌላ በኩል በዚያ ስብሰባ የተነገረ ስህተት ወደ ግምገማ መድረክ እንዳይሄድ መከበር አለበት፡፡ ማጭበርበር ካለ እርግጥ ነው ሌላ ነገር ነው፤ መደበቂያ ሊሆን አይችልም፡፡ ነገር ግን በየዋህነት የተሠራ ስህተት አንዴ ለቅጣት ከዋለ በሚቀጥለው ወር ሁሉም ሰው «ችግር የለም» ብሎ ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል፡፡ የቁጥጥር ኮሚቴ አባላት ይህን ነጥብ በተለይ ቢያስቡበት መልካም ነው፡፡

በስልክ የሚደረገው የቴሌግራም ቡድን ይበቃል የሚሉም አሉ፡፡ የገበያ ዋጋ ለመጠያየቅ፣ የማዳበሪያ መኪና የት ደረሰ ለማለት በጣም ይጠቅማል፡፡ ነገር ግን ሊቀመንበሩና የወረዳው ኃላፊ በሚያነቡት ቡድን ላይ «40 ኩንታል ጎደለብኝ፤ ምን ላድርግ?» ብሎ የሚጽፍ ሰው የለም፡፡ ይህ የሚነገረው ፊት ለፊት፣ በሚያምኑት ሰው መካከል ነው፡፡

ሴት ሥራ አስኪያጆችን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ማስታወስ ይገባል፡፡ የልምድ ልውውጥ ሲባል ብዙ ጊዜ ከቤት ውጪ አምስት ሌሊት ማደርን የሚጠይቅ ጉዞ ስለሚሆን ልጅ ያላት እናት ትቀራለች፤ በእሷ ፋንታ የኮሚቴ አባል ይሄዳል፡፡ በአንድ ቀን ሄዶ የሚመለሱበት የጎረቤት ጉብኝት ይህን ችግር በብዙ ያቃልለዋል፡፡

ሩቅ ጉዞ ዋጋ የለውም ማለት ግን አይደለም፡፡ እ.ኤ.አ. በ1999 የተመሠረተውን የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ህብረት ሥራ ዩኒየንን ለረጅም ዘመን የመሩት አቶ ታደሰ መስቀላ ቀደም ሲል ጃፓን ሄደው የዚያን ሀገር ገበሬዎች ህብረት ሥራ ማህበራት አሠራር ማየታቸው ይታወቃል፡፡ አንድ ሰው በዓይኑ ያየው ነገር የት ሊያደርስ እንደሚችል ከዚህ መረዳት ይቻላል፡፡ ነገር ግን ጃፓንን ያየ ሰው በአንድ ዘመን አንድ ሁለት ነው፤ የሚቀጥለውን ቀበሌ መጋዘን ማየት የሚችለው ሁሉም ነው፡፡

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለሚለው፣ የሮችዴል ማህበርተኞች ያደረጉት ይጠቀሳል፡፡ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1844 እንግሊዝ ሀገር ሱቃቸውን ዱቄት፣ ቅቤ፣ ስኳርና የአጃ ዱቄት ይዘው የከፈቱት 28 መሥራቾች ብዙዎቹ ሸማኔዎችና የእጅ ባለሙያዎች እንጂ ነጋዴዎች አልነበሩም፡፡ ንግዱን እየነገዱ ነው የተማሩት፡፡ ጥቂት ዓመታት ቆይተው ከትርፋቸው 2.5 በመቶ ለትምህርት እንዲውል ወሰኑ፤ ለአባላት የንባብ ክፍልም ነበራቸው፡፡ ዓለም አቀፉ የህብረት ሥራ ማህበራት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1995 ባጸደቃቸው ሰባት መርሆዎች ውስጥ አምስተኛው ትምህርትና ስልጠና፣ ስድስተኛው በህብረት ሥራ ማህበራት መካከል የሚደረግ ትብብር መሆኑን ሥራ አስኪያጆቻችን በቃላቸው ይዘውታል፡፡ የጎረቤት መጋዘን ጉብኝት ሁለቱንም በአንድ ቀን የሚፈጽም ሲሆን፣ ወጪውም የትራንስፖርትና የምሳ ያህል ነው፡፡

«ብናስተምራቸው ይለቁብናል» የሚለው አባባል ከብዙ ስብሰባ ይሰማል፡፡ እውነትም ይለቃሉ፡፡ የማህበር ደመወዝ አነስተኛ በሆነበት፣ ነጋዴውና ሌላው ድርጅት የተሻለ በሚከፍልበት ቦታ ወጣቱን በምክር ማቆየት አይቻልም፤ ደመወዙ ራሱን ችሎ መታየት ያለበት ጉዳይ ነው፡፡ ልዩነቱ ሲለቅስ ነው፡፡ ብቻውን የኖረ ሥራ አስኪያጅ ሲሄድ የሚያውቀው ሁሉ አብሮት ይሄዳል፡፡ ከአምስት ጎረቤቶቹ ጋር በየወሩ ሲነጋገር የኖረው ግን ሲሄድ አምስት ሰዎች ማህበሩን ያውቁታል፡፡ ተተኪው በመጡበት ዕለት የሚደውልለት ሰው አለው፡፡ ከዚህም ጋር ርክክቡ ይሻሻል፡፡ ከሚለቀው ሰው የመጨረሻ ወር ደመወዝ በፊት፣ ስለ ገዢዎች፣ ስለ መጋዘኑ፣ ስለ ብድሩና ስለ ተጀመሩ ጉዳዮች በእጁ የሚጽፈው አራት አምስት ገጽ ከንብረት ዝርዝሩ ጋር እንዲያያዝ ኮሚቴው ቢጠይቅ ምንም ወጪ የለውም፡፡

ጅምሩ ከመጪው ጥቅምት፣ እህል ከመግባቱ በፊት ቢሆን ይመረጣል፤ የመጀመሪያው ወር ጉዳይም ሚዛን ቢሆን፡፡ በኩንታል አንድ ኪሎ የሚሳሳት ሚዛን በ3,000 ኩንታል 30 ኩንታል ያሳስታል፤ ወይ ገበሬው ወይ ማህበሩ ይጎዳል፡፡ ዩኒየኑ በተመረመረ ሚዛን በትክክል 50 ኪሎ የመዘነ አንድ ጆንያ አዘጋጅቶ፣ አፉን ሰፍቶ፣ በማህተም አሽጎ በማዳበሪያው መኪና ወደ መጀመሪያው መጋዘን ይላክ፡፡ እያንዳንዱ ሥራ አስኪያጅ በራሱ ሚዛን መዝኖ ያገኘውን ቁጥር ለማንም ሳይናገር በወረቀት ይጻፍ፤ ጆንያውንም ወደሚቀጥለው ማህበር ያሳልፍ፡፡ ስድስቱ ወረቀቶች በመጀመሪያው ስብሰባ አንድ ላይ ይከፈታሉ፡፡ ጆንያው ውስጥ የሚገባው ግን በደንብ የደረቀ አሸዋ ይሁን፤ እህል ከሆነ ስድስተኛው መጋዘን እስኪደርስ ይደርቃል፡፡